የማይረገጠው መደብ

ሮዌና ሳትክሊፍ ዘጠኝ ዓመት ለፍታ ያዳቀለችው ሣር ሊረገጥ ተራው ደረሰ። ለኳስ ሜዳ የሚሆን ሣር በመልኩ አይመረጥም፤ የብርዱን ወራት ሙሉ በታኬታ ተረግጦ በጸደይ መልሶ ማቆጥቆጥ አለበት። ይህን ካልቻለ እሷ የምትሠራበት፣ በእንግሊዝ ዮርክሽር የሚገኘው የሣር ምርምር ጣቢያ ዘሩን ይጥለዋል፤ ሁለተኛ ዕድል ብሎ ነገር የለም።

የሚፈተኑት ዘሮች በየመደባቸው ተዘርተዋል፤ ግን የጣቢያው መርገጫ መኪና ስለተበላሸ ሮዌና በእግሩ የሚረግጥላት ሰው ፈለገች። ፈቃደኛ ሆነው የመጡት በተስተካከለ ሣር ላይ ኳስ በእጅ እያንከባለሉ የሚጫወቱት የመንደሩ ክበብ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን «ከሣሩ ውረድ!» እያሉ ልጅ ሲያባርሩ የኖሩ። መሪያቸው ሴልዊን ሆልሮይድ ገና በመጀመሪያው ቀን ከመርገጡ በፊት የታኬታውን ሶል በጨርቅ ሲወለውል ተገኘ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«ጭቃ ይዤ እንዳልገባ ነዋ!»

እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሣር ርገጡ ማለት ራሱ ግፍ ነው። ሮዌና ደግሞ ሻይ ሲጠጡ አፏ አላርፍ ብሎ፣ «ግንቡ ሥር ያለው መደብ የኔ ነው» አለቻቸው።

ጥር ላይ ሌሎቹ መደቦች የአሳማ በረት መሰሉ። የሷ ለምለም ነው። በደስታ እንቅልፍ አጣች። ከዚያ አንድ ጠዋት በመስኮት ብታይ ሴልዊን መደቧ ጫፍ ሲደርስ ግራ ቀኝ ገልመጥ አለና በዳር ዞረ። ሌሎቹም ሰልፋቸውን ሳያዛንፉ ተከትለውት ዞሩ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይኼ ነው።

ሮጣ ወጣች። «ሚስተር ሆልሮይድ! ለምንድን ነው የሚዞሩት?»

«ያንቺ ነዋ፣ ልጄ። የሰው ልፋት እንዴት ይረገጣል?»

«እንዲረገጥ እኮ ነው የዘራሁት! ተጫዋቾች እንደናንተ ይዞሩታል?»

«የኛ ሰፈር አጥቂዎች ከሆኑ ኳሱንም አይነኩት» አለ ከኋላ አንዱ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ይህን አሰበችው፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን የራሷን ታኬታ አጥልቃ መጀመሪያ እሷው ገባችበት። ሽማግሌዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት። ሌሎቹ መደቦች የተረገጡትን ያህል እስኪሆን ድረስ አስረገጠችው።

ሚያዝያ ላይ የሌሎቹ መደቦች ሣር ብቅ ብቅ አለ። የሷ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ጣቢያው ዘሩን ሰረዘው። ዘጠኝ ዓመት ልፋቷ ባከነ፤ ግን ሣሩ ደካማ እንደነበር አልካደችም።

በማግስቱ ሴልዊን በሯን አንኳኳ። «የተረፈ ዘር አለሽ?»

«ምን ያደርግልዎታል? ሲረግጡት ይሞታል እኮ።»

«ለባለቤቴ ለኤድና መቃብር ነው። እዚያ ከኔ በቀር የሚመጣ የለም» አለ። «እኔም ዳር ነው የምቆመው።»

ሮዌና የዘሩን ከረጢት ከመደርደሪያ አወረደች። ከዚያ ካፖርቷን ደረበችና አብራው ልትዘራ ወጣች።