ያልተሰደበ መጠጥ

ቶራ ተሽከርካሪ ወንበሯን ምድጃው ሥር አስጠግታ፣ «ሌላ ሰው ይቀምምልሽ» ያሏትን ሁሉ በምላሷ ገርፋ ከወጥ ቤት አስወጥታለች። በኦርክኒ ደሴቶች ሙሽራ የምታዞረውን የእንጨት ዋንጫ፣ ኮጉን፣ የሚሞላው የእናቷ እጅ ነው። የልጇን የኢንጋን ኮግ ለማን ትስጥ?

ሰሞኑን ሐሳቧ መሃል የባሕር ጉም ይገባል፤ የጀመረችው ወሬ ጅራቱ ይጠፋባታል። ለሐኪሙ «ድካም ነው» ብላዋለች፤ ለራሷም እንዲሁ። ዛሬ ኮጉ ከሰመረላት ግን፣ ቶራ አሁንም ያቺው ቶራ ናት።

ጠላው ውስጥ ውስኪና ሩም ጨመረች፤ ስኳሩን፣ ቁንዶ በርበሬውን ነሰነሰች። አማሰለች። ከዚያ እጇን እንደገና ወደ ቁንዶ በርበሬው ሰደደች።

«ቶሪ፣ እሱን እኮ ቅድም...» አለ ባሏ ኤርለንድ ከበሩ ላይ።

«እሱን ምን? ኤም ኤስ የሚሉት የነርቭ በሽታ የበላው እግሬን ነው እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም! ሂድ በጎችህን ጠብቅ!»

ኤርለንድ በሩን ገርበብ አድርጎ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ኢንጋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ዋንጫውን አስጀመረች። ቶራ ጆሮዋን አቁማ ስድቡን ጠበቀች። በዚያ አገር ኮግ ጠጥቶ ቀማሚዋን ሳይዘልፍ የሚያልፍ የለም፤ «ይሄ ለሰው ነው ለጥጃ?» ያልተባለች ሴት ባለሙያ አትባልም። ሽማግሌው ሄድል በታላቅ ልጇ ሰርግ «ጀልባዬን እቀባበታለሁ» ብሏት ክረምቱን ሙሉ ስትኮራ ከርማለች።

ሄድል ጠጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሳሉን አፍኖ፣ «ግሩም ነው፣ የኔ ልጅ» አለ።

ቀጣዩም «ግሩም» አለ። ከእሱ ቀጥላ የጠጣችው ሴት ደግሞ ጭራሽ የቶራን ትከሻ ዳበሰች።

ዋንጫው ቶራ ጋ ሲደርስ ቀመሰች። ጉሮሮዋ ነደደ። አዳራሹ በሙሉ፣ ልብሱ ላይ ለሸና ሕፃን በሚሰጥ ፈገግታ ያያታል።

«ሁለቴ ስጨምር አይተኸኝ ነበር?» አለችው ኤርለንድን።

«አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽክብኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«እንግዲያው አሁን ስደበኝ። አንድ ቃል ብቻ፤ በሞቴ!»

ዕድሜውን ሙሉ ምላሷን በምላሱ ሲመክት የኖረው ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አስተካከለላት። ብርድ ልብሱ ግን አልተዛነፈም ነበር።