ተዋናዩ የፈታው ግዝት

አንድን ተዋናይ አርባ ዓመት እያጨበጨቡ ማስረጀት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የት ይቀመጥ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አፈወርቅ በመድረክ ንጉሥም ሽፍታም ሆኗል፤ ፊልም ብርቅ በነበረበት ዘመን ካሜራ ፊት ቆሟል። በሰባ ስድስት ዓመቱ አንድ ሻንጣና የታመመ ጉልበት ይዞ ድሮ ፊልም ወደ ሠራባት ወደ ዘመሮ ተመለሰ። ሚስትም ልጅም የለው። የሚፈልገው በደብሩ ሰንበቴ ማኅበር ገብቶ ከሰው ጋር ዳቦ መቁረስ፣ ሲሞትም ቀባሪ ማግኘት ብቻ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ባስልዮስ ጉዳዩን ለማኅበርተኛው አቀረቡ።

«የፊልሙ ቄስ አይደሉ እንዴ?» አለ ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ወዳጆ። «እኛ ዘንድ ደግሞ ምን ሊሆኑ መጡ? ጳጳስ?»

ሳቁ። አፈወርቅን የሰው ሳቅ ከሰለቸው ቆይቷል።

አማከለች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «የምጠይቃቸው አለኝ» አለች።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ከእህቷ ከጌታነሽ ጋር በጓሳ ሣር ድርሻ ተጣልታ፣ «አብሬሽ እህል ብቀምስ ግዝት ይሁንብኝ» ብላ ነበር። ክህነት ያላቸው ሰዎች ሁለቱ እህቶች ሦስት ዓመት ተኳርፈው ሲተላለፉ እያዩ ዝም ብለዋል። አንድ ቀን አማከለች ከገበያ ስትመለስ፣ ፊልም ሊሠራ የመጣው አፈወርቅ ጠምጥሞ፣ መስቀል ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘችው። ቄስ መስሏት መስቀሉን ተሳለመችና ከእህቷ ጋር ያለባትን ግዝት ነግራ «ይፍቱኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሂጂና ከእህትሽ ጋር ብዪ» አላት። ሄዳ በላች። ተዋናይ መሆኑን የሰማችው ጌታነሽ ከሞተች በኋላ ነው።

«ያን ቀን ያሉኝ ትወና ነበር?»

መምሬ ባስልዮስ ወደ አፈወርቅ ጠጋ አሉ። «ትወና ነበር ይበሉና ነገሩ ይለፍ። ክህነት ሳይኖርዎ ከልቤ ፈታሁ ካሉ ግን ላስገባዎ አልችልም።»

በዕድሜው ካጠናቸው ቃለ ተውኔቶች ሁሉ ይህ አጭሩ ነበር። አማከለች የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ትጠብቃለች። ከእህቷ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበላችው እህል ግዝት መሆን አለመሆኑ በእሱ አፍ ላይ ነው።

«ካሜራው ገና መቅረጽ አልጀመረም ነበር» አለ። «ማንም ጽፎ አልሰጠኝም። ከልቤ ነው ያልኩሽ።»

መምሬ ባስልዮስ አንገታቸውን ደፉ። አፈወርቅ ምርኩዙን አንሥቶ ወጣ።

አማከለች የዳቦ ድርሻዋን ይዛ ደጀ ሰላሙ ላይ ደረሰችበት።

«ይቀመጡ፤ እዚሁ እንቁረሰው። ርቦዎታል?»

«ደክሞኛል» አለና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።