ዳማ በመስኮቱ ሲያልፍ

ፈረስ አመል ሲያወጣ ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ? የባለቤቱ ነው እንዳትሉኝ ብቻ። ዳማን ያበላሸው ፍቅር ነው፤ በፍቅር ላይ ደግሞ ማን ከሳሽ ይቆማል?

ሽማግሌው ጋሪ ነጂ ዕድሜ ልካቸውን ዱቄት ከወፍጮ ቤት ወደ ዳቦ ቤቶች ሲያመላልሱ ኖሩ። እግራቸው አልታዘዝ ሲልና ዓይናቸው ሞራ ሲለብስ ጋሪውንም ፈረሱንም ለአንዲት ልጃቸው አስረከቡና መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው መስኮት ሥር ተቀመጡ። ዳማን ከውርንጭላነቱ ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ አንገቱን በመስኮቱ አስገባና ደረቅ ዳቦ በስኳር ውኃ ነክረው አጎረሱት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! አራት ሰዓት ሲሆን የትም ይሁን የት፣ ጭነት ይኑረው አይኑረው፣ ወደ ቤት ይታጠፋል። ልጅቷ ልጓሙን ብትስብ፣ ብትለምነው፣ ብትሰድበው፣ ወይ ፍንክች! ሽማግሌው ምላሳቸውን ቀጭ ሲያደርጉ አፍንጫውን መዳፋቸው ላይ ያሳርፋል።

"መጣህ አንተ ወሮበላ!" ይሉና ይስቃሉ። በቀን አንዴ የሚስቁት ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ልጅቷም ከልቧ አትቆጣውም ነበር።

ዳቦ ቤት ግን የሰው አባት አያውቅም፤ ዱቄቱን በሰዓቱ ይፈልጋል። አንድ ዝናባማ ቀን ዳማ መታጠፊያው ላይ ድንገት ሲዞር ስድስት ከረጢት ዱቄት ጭቃ ላይ ተዘረገፈ። ባለ ወፍጮው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

"እህቴ፣ ወይ ፈረሱ አመሉን ይተው፣ ወይ እኔ ሌላ ጋሪ ልፈልግ" አላት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚኖር ፈረስ ገሪ ወሰደችው።

"አደራህን፣ እንዳትመታብኝ።"

"እኔ አልመታም" አለ ሰውየው፣ ገመዱን እየተቀበላት። "አስረሳለሁ።"

ምነው እመታለሁ ባለ! ያቺ ቃል አንጀቷ ውስጥ ቀረች። ስትሄድ ዳማ ገመዱ እስከሚደርስ ድረስ ተከትሏት አሽካካ። ዞራ ብታየው ኖሮ ይዛው ትመለስ ነበር፤ ይህን ስለምታውቅ አልዞረችም።

ለአባቷ፣ "ኮቴው ቆስሎ ሐኪም ጋ ተኝቷል" አለቻቸው።

"ሐኪም ጋ? እኛ ሰዎቹ እንኳ አልጋ ያጣን!" ብለው ቀለዱባት። በማግሥቱ ግን አራት ሰዓት ሲሆን ዳቦውን ነክረው መስኮቱን ከፈቱ። ምናልባት ቶሎ ቢሻለው ብለው ነው። በሦስተኛው ቀንም፣ በአሥረኛውም እንዲሁ አደረጉ። እሷ በሰው ፈረስ ስትሠራ ውላ ስትገባ፣ "እግሩ እንዴት ሆነ?" ይሏታል። "እየተሻለው ነው አባባ።" ሁለት ጊዜ ልታመጣው ተነስታ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች።

በወሩ ዳማ መጣ። ገላው ወዝ አለው፣ አንድ ጭረት የለበትም። አውቋት ትከሻዋን ሲያሸት በደስታ አለቀሰች። በማግሥቱ ጠመደችውና ጭነቱን ይዘው በቤታቸው በኩል ሲያልፉ ሽማግሌው ኮቴውን ሰሙ። ፊታቸው በራ። ዳቦ የያዘ እጃቸውን በመስኮቱ አወጡና ምላሳቸውን ቀጭ አደረጉ።

የዳማ አንድ ጆሮ ነቃ አለ። በቃ፣ እሱ ብቻ። ፊት ፊቱን እያየ አለፈ።

"ና እንጂ አንተ ወሮበላ!"

ልጅቷ ራሷ አስቆመችውና ወርዳ ልጓሙን ይዛ ወደ መስኮቱ ሳበችው። እግሩን ተክሎ ቆመ። ስትጎትተው መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ኋላም አፈገፈገ። ምን አድርገው እንዳስረሱት መጠየቅ አልፈለገችም። የአባቷ እጅ ጥቂት ቆየና ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ለምሳ ስትገባ መስኮቱ ተዘግቷል።

"ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሏት። "ያ ዳማ አይደለም።"

"አባባ..."

"ኮቴው ቁርጥ የሱን ይመስላል። ዳማ ግን ገመድ በጥሶም ቢሆን እጄን አያልፍም። ሞቶ ነው አይደል? እንዳላዝን ብለሽ የሚመስለውን ፈልገሽ አመጣሽልኝ። አልቆጣሽም፣ ንገሪኝ።"

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እውነቱ ምን ነበር? ዳማ በሕይወት አለ፣ እርስዎን እንዲያልፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ ልትል? የቱ ይብሳል? እስቲ እናንተ ፍረዱ፣ እኔ አልቻልኩም።

"አዎ፣ ሞቷል" አለች።

ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ የደረቀውን ስኳር ጠረጉ።

"አጠገቡ ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"እሰይ። ብቻውን አልሆነማ።"

ይህን ጊዜ ዕንባዋ ገነፈለ። እጃቸውን እየዳበሱ ዘርግተው ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ለሞተው ፈረስ የምታለቅስ መስሏቸዋል።

"አልቅሺለት፣ ይገባዋል" አሉ። "አዲሱን ግን አትጥይው እሺ? እሱ ምን አጠፋ? ገና ስላልለመደን ነው የፈራው።" ከዚያም ጥቂት አሰቡና፣ "ለመሆኑ ስሙን ማን አልሽው?"

ፈረሱ ደጅ ላይ እንደ ተጠመደ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ስም የለውም አባባ" አለች። "እርስዎ ያውጡለት።"