ተነንቴው ያወጣው የገና ሕግ

ገና ጨዋታ ሕግ እንዳለው የሰማነው ከፈረንጅ አፍ ነው። ጉድ እኮ ነው! አባቶቻችን ሩሯን፣ ያቺን ከእንጨት ሥር የተጠረበች ድቡልቡል፣ በቆልማማ ዱላ ሲያሳድዱ በየመንደራቸው ላይ ቤትና ታች ቤት ይባባሉ ነበር እንጂ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ ብሎ የቆጠረ የለም። የመጣ ይገባል፣ የደከመው ይወጣል፣ ሲመሽ ያልቃል። ቅልጥም ቢሰበር ወጌሻ አለ። ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ እንኳ የሚጠይቀው የለም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ግን፣ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ልክ ከሜዳችን በላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠ ጊዜ፣ የምሽጉ አዛዥ፣ ተነንቴ የሚሉት መኮንን፣ ሕግ አወጣልን። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ነገሩን። 

«ከየመንደሩ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ጎልማሳ ይሰለፋል። ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያም አያንስም። ሜዳው ዙሪያውን በኖራ ይሰመራል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል። መካከል ላይ እረፍት አለ። የተጎዳ ሰው ይወጣል። ስድብና ዘፈን ክልክል ነው።»

«ዘፈን የሌለው ገና ደግሞ ምን ሊሆን ነው? ተዝካር?» አልኩ። እኔ የብርጓል እንዲህ ነኝ፤ አፌ አያርፍም።

መሪጌታ ወደኔ አላዩም። «አሥራ አንድ ያልሞላለት መንደር» አሉ፣ «የጎደሉት ሰዎች ጫካ ገብተዋል ማለት ነው ብሏል። መንደሩ ይቃጠላል።»

 ሴቱ ሁሉ በልቡ ይቆጥራል። ላይ ቤት የቀረን ጎልማሳ አሥር ብቻ ነው። ሌላው ጮቄ ተራራ ላይ ነው፣ ከአርበኞች ጋር። ከነዚያ አንዱ ድረስ የሚባለው ባሌ ነው።

ማን እንደላከበት እስካሁን አላውቅም። የገና ዕለት ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። ጠመንጃውን ለጓደኞቹ ትቶ ዱላ ብቻ ይዟል። ስንት ወር ሳላየው ቆይቼ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ።

«ምን ልሁን ብለህ መጣህ? እዚያው አትቀርም ነበር?»

«አሥራ አንደኛው ጠፋ ሲባል የሚቃጠለው የማን ቤት ነው?» አለኝ።

«ቤት ይሠራል። አንተን ማን ይሠራልኛል?»

ሳቀብኝ። ድረስ ሲስቅ የባሰ እናደዳለሁ። ይኸን ሁሉ የምለው ወድጄ አይደለም፤ ባሌ ግራኝ ነው። ኅዳር ላይ በአምበር ቁልቁለት ወታደር የጫነ አንድ የጣሊያን ካሚዮን ተመትቶ ነበር፤ ከዚያ የተረፈ ባንዳ፣ «የመታን ሰውዬ ጠመንጃውን በግራ ትከሻው ነው የደገነው» ብሎ ለጣሊያኖቹ ተናግሯል። አገር ሁሉ ይኸን ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ በግራው ዕቃ የሚያነሳ ሰው ስናይ ፊታችንን እናዞራለን።

«ዱላውን በቀኝህ ያዝ። በቀኝህ ምታ» አልኩት።

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እመቤቴን!» አለ። እሱን አመንኩት፤ እጁን ግን አላመንኳትም። ሩሯ ስትመጣ ያቺ እጅ ባለቤቷን አታስፈቅድም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ በምሽጉ ግንብ ላይ መትረየስ ወደ እኛ ዞሮ ተጠምዷል። ባንዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው በኖራው መስመር ዙሪያ ቆመዋል። ተነንቴው ወንበር አስወጥቶ ከአስተርጓሚው ጋር ከላይ በኩል ተቀምጧል። ወጣት ነው፣ ጢሙን የተላጨ፤ መንገድ ላይ ብታየው ክፉ ነው አትልም። ሃያ ሁለቱ ሰዎች ሲቆጠሩ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሞላ። አስተርጓሚው ፊሽካ ነፋ።

እንዲህ ያለ ገና አይቼ አላውቅም። ዘፈን የለ፣ ሆታ የለ፤ የሚሰማው የዱላ ኳኳታና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ፊሽካ ሲነፋ ወንዶቹ ደንግጠው ባሉበት ይደርቃሉ። እኔም በነፋ ቁጥር «አሁን ተኮሱባቸው» እያልኩ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎርሰው ነበር።

ድረስ በቀኙ ይዟል። የላይ ቤት አውራ የነበረ ሰው፣ ሩሯ እግሩ ሥር እየተንከባለለች ይስታታል! የታች ቤት ሰዎች ገብቷቸው አንገታቸውን ደፉ። ማንም ምንም አላለም፤ ለዚህስ እግዜር ይስጣቸው። እኔ «አይዞህ፣ ሳት፣ ሳት» እያልኩ በልቤ እጸልያለሁ። ባሏ እንዲያፍር የምትጸልይ ሚስት ከኔ ሌላ አለች?

የፈሩት ይደርሳል። ከግርግሩ መካከል ሩሯ ዘላ በግራው በኩል መጣች። ዱላው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር አየሁት። ኳ! ሩሯ ከኖራው መስመር ወዲያ አልፋ ሄደች። አቧራው ሁሉንም ሸፈናቸው። ተነንቴው ከወንበሩ ብድግ አለና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ። ፊሽካ ተነፋ፤ እረፍት ሆነ።

እኛ ሴቶች ለተጫዋቾቹ ጠላ እንድናደርስ ተፈቅዶልን ነበር። ገንቦዬን አዝዬ ሆን ብዬ በተነንቴው ወንበር በኩል አለፍኩ። አስተርጓሚው ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሰው ነው፤ ለባንዶቹ ሲናገር እኔን ከቁብ አልቆጠረኝም።

«ጌታው አንዱ በግራው ሲመታ አይተዋል። በአቧራው ውስጥ ማን እንደሆነ አልለዩትም፤ ነጭ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው የሚመስላቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ተራ በተራ አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። በግራው የመታውን ያዙ። በቀኙ መትቶ የሳተውንም ያዙ፣ እያስመሰለ ነው።»

 ገንቦውን እንዴት እንዳልጣልኩት እሷ እመቤቴ ታውቃለች። በግራው ቢመታ ተያዘ፤ በቀኙ ቢመታ ይስታል፣ ተያዘ። ልሽሽ ቢል ዙሪያው ጠመንጃ ነው። ታሞ ነው ብለን ብናስወጣው አሥራ አንዱ ይጎድላል። ያን ጊዜ ነው መሪጌታ ደጀ ሰላሙ ላይ የተናገሩት ትዝ ያለኝ፤ የተጎዳ ሰው ይወጣል።

እኔ የተወለድኩት ታች ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሙላት ለታች ቤት ይጫወት ነበር። ወደሱ ሄጄ ጠላ እየቀዳሁለት ጎንበስ አልኩ።

«ሙላት፣ የድረስን ግራ እጅ ስበርልኝ።»

«አብደሻል እንዴ እታለም?»

የሰማሁትን ነገርኩት። 

«ለሱው ንገሪውና የተጎዳ መስሎ ይውጣ» አለ።

«ድረስ ተኝቶ እግሬን የሚል ሰው ነው? እኔ ከወጣሁ መንደሩን ያቃጥሉታል ብሎ እያየ ይያዛል እንጂ። ደግሞ ቁስሉን ሳያዩ የሚያስወጡት ይመስልሃል?»

«ያሳደገኝ ሰው እኮ ነው። በሬ ጠምጄ ማረስ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

«ለዚህ ነው ላንተ የምነግርህ። ሌላ ሰው ብልክ ጭንቅላቱን ይፈልጥብኛል።»

ሙላት ጠላውን ሳይጠጣ ጣሳውን መለሰልኝ።

ፊሽካ ተነፋና ጀመሩ። ሙላት ድረስን ይከተላል፣ ይቀርባል፣ ዱላውን ያነሳና መልሶ ያወርዳል። «ምታ! አንተ ፈሪ፣ ምታ!» እያልኩ በጥርሴ አጉረመርማለሁ። አጠገቤ ያለችው ወለተ ሰንበት ገርሟት ታየኛለች። ፀሐዩ ወደ ምዕራብ ዘንበል እያለ ነው። ከዚያ ሩሯ ሁለቱ መካከል ገባች፤ ድረስ ጎንበስ ሲል ሙላት ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ግራ እጁ ላይ አወረደው። አጥንቱ ሲሰበር እስከ ሜዳው ዳር ተሰማ።

ድረስ አልጮኸም። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሙላትን ቀና ብሎ አየው፤ እንዲያ ያለ አስተያየት ለጠላቴም አይሁን። አስተርጓሚው መጥቶ እጁን አየ፣ ፊቱን አጨማደደና «ይውጣ» አለ።

ዛፍ ሥር አስቀምጬ በመቀነቴ አሰርኩት። ላቡ ይንጠባጠባል።

«ወንድምሽ አይቶ ነው የመታኝ» አለኝ።

«ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ አይደለም። ሩሯ በቀኝ በኩል ነበረች።»

 እውነቱን መናገርም ደስታዬን መደበቅም አልቻልኩም ነበር፤ እልል ማለት አምሮኛል። ባሌ ዳነ! እጅ ምን አባቱ፣ እጅ ይጠገናል።

ጨዋታው ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ አለቀ። የቀሩት ተጫዋቾች በመስመር ቆሙ። አስተርጓሚው «ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይመታል» አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሕዝቡ ሽልማት አለው ብሎ አወራ። አንዱ መታ፣ በቀኙ። ሌላው መታ፣ በቀኙ። ሙላት መታ። እኔ ከእንግዲህ ምን ቸገረኝ ብዬ የድረስን ግንባር እጠርግ ነበር።

«ተራው የልጄ ነው» አለች ወለተ ሰንበት። ባሏ የሞተባት የታች ቤት ሴት ናት። አንድ ልጇ ባዘዘው ከሕፃንነቱ ጀምሮ መርጡለ ማርያም ድጓ ሲማር አድጎ፣ ጢሙ ሲያቆጠቁጥ ለገና በዓል የመጣ ነው። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ዱላ ሲይዝ አይቼው አላውቅም።

ባዘዘው ነጠላውን አጣፋና ዱላውን ያዘ። በግራው ያዘ።  ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ? መታት። ሩሯ ከሁሉም አልፋ ምሽጉ ሥር ደረሰች።

«እልልልልል!» አለች እናቱ። በዚያ ቀን ሜዳው ላይ የተሰማ እልልታ ያ ብቻ ነው። አፏ ሳይዘጋ ባንዶቹ ልጁን ከመሬት ጣሉት።

ድረስ ሲነሳ አላየሁትም። እጁን በመቀነቴ እንዳንጠለጠለ ሜዳው መካከል ደርሶ ነበር። «ልጁን ልቀቁት! ግራኙ እኔ ነኝ! ካሚዮኑን የመታሁት እኔ ነኝ!»

ወዮልኝ! ሮጬ ልብሱን ያዝኩ፤ በክርኑ ገፈተረኝ። አስተርጓሚው ለተነንቴው ነገረው። ተነንቴው ድረስን ከላይ እስከ ታች አየና ፈገግ አለ።

«ምታ ይሉሃል» አለ አስተርጓሚው።

ድረስ ዱላውን በግራው ያዘ። ጣቶቹ አልታዘዙትም። ዱላው ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ ጥርሱን ነክሶ እጁን ሊያወናጭፍ ሲል በግንባሩ ተደፋ። ባንዶቹ ሳቁ።

«አምበር ቁልቁለት ላይ ከዋርካው አጠገብ ነበርኩ፤ ሹፌሩን ነው መጀመሪያ የመታሁት» አለ ከመሬት ሳይነሳ።

«ይኸን አገር ሁሉ ያወራዋል። ጠመንጃህ የታለ?»

 ጠመንጃው የት እንዳለ መናገር ማለት ጓደኞቹ የት እንዳሉ መናገር ነው። ድረስ ወደ ባዘዘው አየ፣ ወደ ተራራው አየ። ከዚያ ፊቱን አፈሩ ውስጥ ቀበረ።

«የልጁ አጎት ሳይሆን አይቀርም፣ ራርቶለት ነው ብለዋል ጌታው» አለ አስተርጓሚው። «ሂድ ታከም።»

ባዘዘውን እጁን የፊጥኝ አስረው ካሚዮናቸው ላይ ጣሉት። «እማዬ፣ ምን አደረግሁ?» ሲል ሰማሁት። ካሚዮኑ ወደ ደብረ ማርቆስ ነጎደ።

ሰው ሁሉ ተበተነ። ድረስ፣ ሙላት፣ ወለተ ሰንበትና እኔ ቀረን። ድረስ በደህናው እጁ የሙላትን አንገትጌ ያዘ።

«እጄን ብትተውልኝ ልጁን አስፈታው ነበር። ማን ነው ያዘዘህ? ተናገር!»

ሙላት መሬት መሬት ያያል። እሱ ሲጨነቅ ማየት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት! ሊይዙህ ሲዶልቱ በጆሮዬ ሰምቼ! ምን ላድርግ ኖሯል፣ ቆሜ ላስይዝህ? ነገም ቢሆን አሰብርሃለሁ! ባሌ ነህ፣ አንተን ካተረፍኩ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው!»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ወለተ ሰንበት አጠገቤ መቆሟ ትዝ ያለኝ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል። አልሰደበችኝም፣ አልረገመችኝም።

«ሰምተሽ ነበር?» አለችኝ። «ለኔም ብትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ የብርጓል? አጠገብሽ እኮ ነበርኩ።»

 ድረስ ነጠላዋን ከመሬት አንስቶ አለበሳትና ክንዷን ይዞ ካሚዮኑ በሄደበት መንገድ ወሰዳት። ሙላት ተከተላቸው። እኔን ነይም አላሉኝ፣ ቅሪም አላሉኝ።