ግማሽ ቦቴ ውሃ

ሙሉ ቦቴ አያስፈራም፤ ባዶም አያስፈራም። የሚያስፈራው ግማሹ ነው። ይህን የነገረኝ ጋሽ ሽመክት ነው፤ ጁባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ከነጭ አባይ ውሃ እየቀዳ ያመላለሰ፣ አሁን መሪውን ለእኔ ለቆ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው።

የእኛን ታንከር ጋራዥ ውስጥ ነው የበየዱት፤ ውስጡ ውሃውን የሚከፋፍል ግድግዳ የለውም። ፍሬን ስትይዝ መኪናው ይቆማል፣ ውሃው ግን አይቆምም። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ መጥቶ ይገፋሃል። የመጀመሪያው ቀን ሰው የገጨን መስሎኝ ወርጄ ኋላውን አየሁ። ጋሽ ሽመክት እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ዘጠነኛ ክፍል መምህር ገብረየስ የሚሄድ ነገር መሄዱን፣ የቆመም መቆሙን፣ ካላስገደዱት አይተውም ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎልን ነበር። ኢነርሺያ። ለፈተና ሸምድጄው አለፍኩ። ለካ እውነት ነው።

ያን እሁድ ጠዋት ግማሹን ውሃ ሎሎጎ ሰፈር አራግፈን፣ ቀሪውን ጉዴሌ ላለች አንዲት ቤተክርስቲያን ይዘን እየሄድን ነበር፤ ለጥምቀት ገንዳው። የሚጠመቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ የሆቴል ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘነበወርቅ። በማግስቱ ለዕጢ ኦፕሬሽን ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። «ሳልጠመቅ ቢላዋ ሥር አልገባም» ብለዋል።

ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ፣ ቤተክርስቲያኑ መቶ እርምጃ ሲቀረን የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ጋዝ ስሰጥ የባሰ ቆፈሩ። ምዕመናኑ የእሁድ ልብሳቸውን ሰብስበው መጥተው ገፉ። ሃያ ሰው። ቦቴው ወዝወዝ አለ እንጂ ከጉድጓዱ አልወጣም።

ባለሱቁ አልአሚን ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ውሃውን ድፉትና ይቅለላችሁ እንጂ» አለ። «ያላ፣ መንገዱን ዘጋችሁብኝ።»

«ከተደፋ ጥምቀቱ ቀረ» አለ ጋሽ ሽመክት። «በዚህ ጭቃ ሌላ ቦቴ ዛሬ አይገባም።»

እትዬ ዘነበወርቅ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። «ድፉት ልጆቼ፣ ጌታ ያውቃል» አሉ። ፎጣቸውን ግን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘውት ነበር።

ጋሽ ሽመክት ወርዶ ወደ ቫልቩ ሄደ። እኔ መሪው ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰዎቹ መግፋት ትተዋል፤ ወንበሬ ግን ገና ቀስ ብሎ ይወዘወዛል። ወደፊት፣ ወደኋላ። ሃያ ሰው የሰጠውን ጉልበት ውሃው አልጣለውም። ውስጡ ይዞት እየዞረ ነው።

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «ጋሼ፣ ትንሽ ታገሠኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ውሃው ራሱ ይግፋን። ሰዎቹን ከፊት አንሣልኝ።»

«ተማሪው» አለ እያሾፈ፤ እጁን ግን ከቫልቩ አነሣ። «ካልሆነ እደፋዋለሁ።»

ውሃው ወደፊት ሲሄድ ፍሪሲዮን ለቀቅ አድርጌ ትንሽ ጋዝ ሰጠሁ። ሲመለስ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ተውኩት። ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ስንዝር ወጥቶ ተመለሰ። ደግሜ ጠበቅኩ። ማዕበሉ በጀርባዬ መጣ፤ ሰጠሁ። ሁለት ስንዝር። እንደ ዥዋዥዌ ነው፤ ከቸኮልክ ይበላሻል። ከኋላዬ የታንከሩ ብረት እንደ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳል፤ እኔም ትንፋሼን ከእሱ ጋር አደረግሁ። በስድስተኛው ጊዜ ውሃው የታንከሩን የፊት ግድግዳ ሲመታ ቦቴው ተነሣ፣ ጠርዙን አለፈና ወጣ።

ሰው ሁሉ ጮኸ። እኔ ግን ፍሬን ለመያዝ ፈራሁ፤ ይህን ያህል ጉልበት በድንገት ቁም አይባልም። ጋዙን ትቼ፣ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየነካሁ፣ የቤተክርስቲያኑን በር አልፌ ቆምኩ። ከዚያ ያ የማውቀው ግፊት መጣ፤ ለስለስ ብሎ ጀርባዬን ነካኝ።

ጋሽ ሽመክት ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ መጣ። «አሥራ አንድ ዓመት ስሰድበው የኖርኩትን ውሃ» አለና ቱቦውን ሊዘረጋ ሄደ።

ገንዳው ሞላ። እትዬ ዘነበወርቅ ገቡ፤ ፓስተሩ ወደኋላ አስተኝቶ አጠለቃቸውና አወጣቸው። ውሃው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄደ፣ ተመለሰ። እሳቸው ወጥተው፣ ፎጣ ተደርቦላቸው፣ መዝሙሩ ተጀምሮ፣ እኔ ገንዳው አጠገብ ቆሜ ውሃውን አየዋለሁ። ገና አልቆመም ነበር።