የመናፈሻው አሰልጣኝ

አክሊሉ በስፖርት ሳይንስ በማዕረግ ተመርቆ፣ በቀዳማይ ወያነ ሰፈር ባለችው ትንሽ መናፈሻ የአረጋውያንን የጠዋት እንቅስቃሴ እንዲመራ ሲመደብ፣ በሰፈሩ ስለ ጉልበት የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ፊሽካ ገዛ። «ጤናዎ በእጅዎ ነው» የሚል ማስታወቂያም ለጠፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊሽካውን የሰሙት ርግቦቹና ዘበኛው ብቻ ነበሩ።

ረቡዕ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። ዐሥራ አምስት ሰው ካላገኘ ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሜዳውም የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። አክሊሉ ረቡዕ ማለዳ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከጸሎት ሲመለሱ መናፈሻውን የሚያቋርጡትን እናቶች ለመነ። «ሜዳችንን ለመኪና ሊሰጡብን ነው፤ ለአንድ አፍታ ቁሙልኝ።»

ቆሙለት።

«ቀላል ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ዐሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት ብቻ። የደከመው ያርፋል።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭኗ አደይ ገላነሽ ጓደኞቻቸውን አይተው ፈገግ አሉ። «ወደይ፣ ልጄ፣ አርባ አንድ ሰግደን ነው የመጣነው። ግንባራችን መሬት ነክቶ። አንተ ስንት ትችላለህ?»

«እኔማ ባለሙያ ነኝ፣ አደይ።»

«እስቲ ባለሙያው ይውረድ። የአንተ ጸሎት አይደለም፣ ስፖርት ነው፤ እኔ እቆጥርልሃለሁ።»

ወረደ፤ ተነሣ። እስከ ዐሥራ ሁለት ድረስ ስለ አተነፋፈስ ያስተምር ነበር። ሃያ ላይ ትምህርቱ ተቋረጠ። ሃያ ስድስት ላይ ጠዋት የበላው ፉል አብሮት አልነሣ አለ።

«በልተህ ነው እንዴ?» አሉ አንዲት እናት በአዘኔታ። «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም።»

«ትንሽ» አለ።

ሠላሳ አንድ ላይ ሣሩ ላይ ቀረ። እናቶቹ ከበው በነጠላቸው ያራግቡለት ጀመር። ሰላማዊ የተባለው ተቆጣጣሪ የደረሰው ይኼኔ ነው። አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ዐሥራ ስምንት።

«አሰልጣኙ ማን ነው?»

አክሊሉ ለመዋሸት የሚበቃ ትንፋሽ አልቀረለትም። ተኝቶ እንዳለ ወደ አደይ ገላነሽ ጠቆመ። «እሳቸው ናቸው።»

«አንተስ?»

«ሠልጣኝ።»

ሰላማዊ ሣቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ። «ሰው ካለ ሜዳውን የሚነካው የለም። ግን ነገም ትመጣላችሁ ወይስ ለዛሬ ብቻ ነው?»

«እንመጣለን» አሉ አደይ ገላነሽ፣ ማራገባቸውን ሳያቋርጡ። «ይኼን ልጅ እንዲህ ጥለነው የት እንሄዳለን?»