እንግዳ ነኝ በል

ያን ዕለት ከጎብዬ ቆቦ የመጣሁት ተከራዬን ላስወጣ ነው። በጭነት መኪና ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ አውቶቡሱ ረሃብተኛው መንገድ ላይ እየቆመበት መሄድ አቅቶት ነበር። እኔ ድሬሰር ነኝ፤ የጤና ረዳት። ጎብዬ ጤና ጣቢያ ሰው ሲሞት ሳይ ነው የምውለው፤ እንባዬ ካለቀ ቆይቷል። የቀረኝ ንዴት ብቻ ነበር፤ እሱንም ለተከራዬ ለታሂር ይዤለት መጣሁ።

ቤቱ የኔ ነው፤ ማለቴ የኔና የባንኩ። ከቆቦ ገበያ ወረድ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ደመወዝተኛ ስለሆንኩ ደሴ ያለው ባንክ አበደረኝ፤ ቤቱንም በመያዣ ያዘ። ውሉ ላይ ግን አንዲት አንቀጽ ነበረች። ተበዳሪዋ ራሷ ትኖርበታለች፤ ያለ ባንኩ ፈቃድ ለሌላ ሰው ማከራየት አይቻልም። ፈርሜ ገባሁ። የግድግዳው ቀለም በቅጡ ሳይደርቅ ወደ ጎብዬ ተዛወርኩ። እኔን ብሎ የቤት ባለቤት።

ፈቃድ ጠይቂ ያሉኝ ነበሩ። ጠየቅኩም። ለሚከራይ ቤት ብድሩ ሌላ ነው፣ ወለዱም ከፍ ይላል፣ ውሉም እንደገና ይታያል ተባልኩ። በአንድ ደመወዝ የባንኩንም ዕዳ፣ ጎብዬ የምኖርበትንም ክፍል ኪራይ ልከፍል ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ቤቱን ለልብስ ሰፊው ለታሂር አከራየሁት።

ቁልፉን ስሰጠው፣ «የባንክ ሰው ከመጣ ተከራይ ነኝ እንዳትል። እንግዳ ነኝ በል» አልኩት።

ታሂር ቀጥተኛ ሰው ነው፤ ቀጥተኛነቱ ደግሞ ያናድዳል። «እኔ አልዋሽም፣ እህቴ» አለኝ። «እንግዳ ነኝ እንድል እንግዳዬ ነህ በይኝ።»

«ይኸው፣ እንግዳዬ ነህ።»

«እንዲህ በጥድፊያ አይደለም። ሚስቴ እየሰማች፣ በአላህ ፊት።»

ሚስቱን መይሙናን ጠራት። እኔም ስልችት ብሎኝ፣ «እናንተ እንግዶቼ ናችሁ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተቀብለናል። ባለቤቷስ የት ነው የምትተኛው ቢሉኝ?» አለ ታሂር።

«አልጋዬን ትቼ ነው የምሄደው። ያውና በላቸው።» ለነገሩ የብረት አልጋዬን ጎብዬ ድረስ የማጓጉዝበት አቅም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ኪራዩን በሰጠኝ ቁጥር «ስጦታ ነው፣ እህቴ» ይለኛል። ኪራይ የምትል ቃል ከአፉ አትወጣም። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እቀበላለሁ፤ ምን ቸገረኝ።

በኋላ ዝናቡ ቀረ። ራያ ላይ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ፤ ከብቱ አለቀ። በረሃብ ዘመን ማን ልብስ ያሰፋል? የታሂር የስፌት መኪና ቆመ፤ ስጦታውም አብሮ ቆመ። ሰው ብልክበት «ትንሽ ትታገሰኝ» አለ። ታገስኩ። ባንኩ ግን እኔን አልታገሰም፤ ክፍያ ሳሳልፍ ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ቀጥሎ ደግሞ በዚህ ሳምንት ሰው ልከን ቤቱን እናያለን አለ። ማከራየቴ ከታወቀ ወይም መክፈል ካቃተኝ ቤቱ ለጨረታ ይወጣል። መሬት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ በዚህ ዓለም ያለኝ እሱ ቤት ብቻ ነው።

ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ላከራየው ወሰንኩ። እሱ ይከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜም መንገድ ላይ ስለሆነ ለባንኩ ሰው አይታይም። እነታሂር የት ይሄዳሉ? አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። እነሱም መንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። መንገዱ ዳር ከተቀመጡት ውስጥ የስንቱን ዓይን በእጄ ከድኛለሁ።

ደርሼ በሩን ብገፋው አልገፋ አለኝ። ለካ ከኋላው ሰው ተኝቷል። እንደምንም ሾልኬ ስገባ እግር ማሳረፊያ የለም፤ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ሞልቷል። ታሂር ከመሀላቸው ተነሥቶ መጣ። በጣም ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ለአንገቱ ሰፍቶታል።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። ግቢ፣ ቤትሽ ነው።»

«ቤቴ መሆኑን አልረሳሁትም። እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የመይሙና ሰዎች። ከሮቢት ወዲያ ከቆላው ነው የመጡት። ከብታቸው አልቆ።»

«እኔ ያስገባሁት አንተንና ሚስትህን ነው።»

«እና የት ሂዱ ልበላቸው?» አለ።

የባሰ ተናደድኩ። «ታሂር፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ዛሬውኑ ልቀቁልኝ» አልኩት።

ይጨቃጨቀኛል ብዬ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወደ መይሙና ዞሮ አንገቱን ነቀነቀላት፤ እሷም ቀስ ብላ ተነሥታ ድስቷን ከጥግ አነሳች። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። ከረባት ያሰረ ወጣት ነው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዟል።

«ወይዘሮ አስረሳሽ? ከባንክ ነኝ» አለ። «ቤቱን አከራይተውታል የሚል ወሬ ደርሶናል።» ከዚያ ወደ ታሂር ዞረ። «እርስዎ ተከራይ ነዎት?»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። አሁን ውጣ ያልኩት ሰው ነው። አዎ ብሎ አንዲት ቃል ቢናገር ቤቴ ሄደ፤ ስለ ምን ብሎ ይሸፍንልኛል?

«እንግዳዋ ነኝ» አለ ታሂር።

«ይኼ ሁሉ ሰው?»

«ሁላችንም። አታምነኝ እንደሆን እሷን ጠይቃት።»

ሁሉም አየኝ። መይሙና ድስቷን አቅፋ ቆማለች። ለባንኩ ሰው እንግዶቼ ናቸው ብዬ ለእነሱ ደግሞ ውጡ ልላቸው እንደማልችል ገባኝ።

«አዎ» አልኩ። «እንግዶቼ ናቸው።»

መይሙና ድስቷን ወደ ቦታዋ መለሰች።

ወጣቱ ቤቱን ዙሪያውን ቃኘ። «ይህን ሁሉ ሰው አስተኝተው እርስዎ የት ነው የሚተኙት?»

ይህን አላሰብኩበትም። አልጋዬን ሸጠው በልተውታል ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እሸጠው ነበር።

«ያውና» አለ ታሂር፤ የጓዳውን በር ከፈተ።

ጓዳው መሀል የብረት አልጋዬ ቆሟል። ፍራሹ ላይ አንሶላዬ ታጥቦ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሴ ታጥፎ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፈው ሰዎች ተኝተዋል፤ አንዲት አሮጊት የአልጋውን እግር ተጠግተው ተጣጥፈዋል። አልጋው ላይ ግን ማንም የለም። ፊት ለፊት የታሂር የስፌት መኪና የነበረበት ጥግ ባዶ ነው። እንጀራ የሚበላበትን መኪና ሸጦ የኔን አልጋ አልሸጠም።

የባንኩ ወጣት መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። ከዚያ «ክፍያውን ግን ይክፈሉ፣ እትዬ» አለኝና ወጥቶ ሄደ።

«ለምን አልተኛችሁበትም?» አልኩት ታሂርን።

«አልጋዬ ያውና በላቸው አላልሽኝም? ሌላ ሰው ቢተኛበት ውሸታም መሆኔ ነው።» ይህንንም ሲል እንደዚያን ጊዜው አናደደኝ። አፈርኩም።

አሮጊቷን በብብታቸው ይዤ አነሣኋቸው፤ ክብደት የሚባል የላቸውም።

«ተይ ልጄ፣ የባለቤቷ አልጋ ነው» አሉኝ።

«ባለቤቱስ ባንኩ ነው፣ እማማ። እኔም እንደናንተው እንግዳ ነኝ» አልኳቸው፤ አስተኝቼ ብርድ ልብሴን አለበስኳቸው።

ሾፌሩ ማታ ቁልፍ ሊቀበል ይመጣል፤ ምን ብዬ እንደምመልሰው አላውቅም። ባንኩን በምን እንደምከፍልም አላውቅም። መይሙና ጠጋ ብላ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ ጋደም አልኩ። ደክሞኝ ነበር።